በሐዋይ፣ የመማጸኛው ግንብ ሥር

ከሐዋይ ከተመለስን ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ባሕር ገባችሁ?» አልገባንም። ባለቤቴ ሰይድ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነክሮ «ይበቃኛል» ብሎ ወጣ፤ እኔ ጫማዬንም አላወለቅኩም። ያየነው የድሮ ቤተ መንግሥት፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያንና የድሮ የድንጋይ ካብ ነው። ይህን ስናገር ሰዉ ያዝንልኛል። «ያን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ ድንጋይ ልታዩ?» ይሉኛል። አዎ፣ ድንጋይ። ሄዳችሁ ለማታዩት የድንጋዩን ነገር ከመነሻው ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ታዝኑልኝ እንደሆነ እናያለን።

እኔ ራህመት እባላለሁ። ከዋይት ሀውስ ብዙም በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ በላንግሊ ፓርክ በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ መንዳት ነው። ልጃችን ሰሚራ ሐዋይ ውስጥ የጥንት ቅርሶችን በሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሥራዋን ለዘመድ ማስረዳት ጭንቄ ነው። «ድንጋይ ትጠብቃለች» ስል «ዘበኛ ናት እንዴ?» ይሉኛል። የምታደርገው ሕግ «አይነኩም» ያላቸውን ቦታዎች ከደሴት ደሴት እየዞረች ፎቶ ማንሣት፣ የፈረሰ ካብ ሲኖርም ከግንበኞች ጋር ሆና እንደነበረው እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ሰሚራ ልታገባ ነው። ልጁ የዚሁ የእኛ አካባቢ፣ የአናንዴል ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ወላጆቹም ደህና ሰዎች። ሽማግሌ ለመላክ ተዘጋጅተው ሳለ ያስቆመቻቸው ራሷ ናት። የሰይድ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሁሴን ከእኛ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ሰሚራ ሕፃን ሳለች እኔና ሰይድ ሁለት ሁለት ሥራ ስንሠራ ከትምህርት ቤት የሚያመጧት፣ የሚያበሏትና ቁርአን የሚያስቀሯት እሳቸው ነበሩ። ወንድማማቾቹ ግን አራት ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። «ባባና አንክል ጀርባ ተሰጣጥተው በሚቀመጡበት ቤት ኒካህ አላስርም» አለች። ወላሂ፣ በግትርነቷ ቁርጥ አባቷን ናት።

የኩርፊያው ምክንያት ይህ ነው። የሰይድ እናት ደሴ ላይ ሲሞቱ ጋሼ ሁሴን አጠገባቸው ነበሩ። ሰይድ በዚያው ሰሞን እዚህ ልቡን ኦፕሬሽን ተደርጎ ተኝቷል። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ጋሼ ሁሴን ቀብረው ተመልሰው፣ «ትንሽ ይበርታና ሽማግሌ ይዤ በማለዳ አረዳዋለሁ» ብለው በሆዳቸው ያዙት። እኔ ፊቴ ምሥጢር አይችልምና ለእኔም አልነገሩኝ። ሰይድ በእግሩ መሄድ እንደ ጀመረ ላንግሊ ፓርክ ሥጋ ሊገዛ ወጣ። ወረፋ ላይ አንድ የወሎ ሰው እጁን ጨበጠና «ለእናትህ አላህ ይዘንላት» አለው፤ የሰማ መስሎት ነው። ሰይድ ሥጋውን ትቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሙን አላናገረም፤ ጋሼ ሁሴን ስንት ጊዜ ሽማግሌ ቢልኩ በር አልከፈተም።

ማክሰኞ

ሰሚራ ትኬት የላከችው ለእናትና ለአባቷ ብቻ እንደ ሆነ ነበር ሰይድ የሚያውቀው። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ፊቴን እንዳያይ መንገዱን ሁሉ ስለ ትራፊክ ሳማርር ሄድኩ። ደለስ ኤርፖርት ደርሰን መሳፈሪያው በር ጋ ስንቀመጥ፣ ጋሼ ሁሴን ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ በፌስታል ዳቦ ቆሎ አንጠልጥለው ከች አሉ።

ሰይድ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ራህመት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጅህን ጠይቃት» አልኩት።

ሊመለስ ተነሥቶ ነበር፤ ሻንጣው ግን ገብቷል። ሰይድ ደግሞ ወንድሙን ይተዋል እንጂ ሻንጣውን አይተውም። አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበራችን ጎን ለጎን ነው፤ መሐል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «ራህመት፣ መስኮቱን ዝቅ ያድርገው በይው።» «ራህመት፣ ዳቦ ቆሎ ይቅመስ በይው።» «ራህመት፣ ጠግቤያለሁ በይው።» በአውቶቡሴ ስንት ጠበኛ ጭኛለሁ፣ እንዲህ ያለ ረጅም መስመር ግን ነድቼ አላውቅም።

ሆኖሉሉ ስንደርስ ፀሐይም ዝናብም አብረው ነበሩ። የአገራችን ሰው «ጅብ ወለደች» የሚለው ዓይነት ቀን ነው። ሰሚራ የአበባ ሐብል ይዛ ጠበቀችን። ጋሼ ሁሴን አበባው አንገታቸው ላይ ሲገባ «ምነው ሙሽራዋ እኔ ሆንኩ?» አሉ፤ እሷም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ሰይድ አበባውን እንዳጠለቀ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ማረፊያችን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፤ ሰሚራ በአንዱ ለወንዶቹ ሁለት አልጋ አዘጋጅታ ነበር። ሰይድ ፍራሹን ጎትቶ ሳሎን አነጠፈ። ሰላትም ለየብቻ ሰገዱ።

ረቡዕ

ጠዋት ቤተ መንግሥቱን ልናይ ሄድን። በሩ ላይ ወለሉ እንዳይጎዳ ብለው ጫማችንን በጨርቅ አስሸፈኑን። በሩን የሚጠብቀው ወጣት ጋሼ ሁሴንን «አንክል፣ ቀስ ይበሉ፣ ያንሸራትታል» አላቸው። በዚያ አገር ታላቅ ሰውን፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ አንክል ወይም አንቲ ብለው ነው የሚጠሩት። እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። ጋሼ ሁሴን «ይሄ ሰው ያደገ ነው» ብለው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሐዋይ ጋር ታረቁ።

አስጎብኚዋ ይህ ቤተ መንግሥት ከዋይት ሀውስ በፊት የኤሌክትሪክ መብራት እንደ ገባለት ስትነግረን ደስታቸው ወሰን አጣ። «እዚያ ቤታችን አጠገብ ካለው በፊት?» ብለው ደግመው አስነገሯት። ፎቅ ላይ ግን አንድ ክፍል አለ። የመጨረሻዋ ንግሥት መንግሥቷን ከወሰዱባት በኋላ የታሰረችበት ክፍል ነው። እዚያ ተቀምጣ ከሴት ባልደረባዋ ጋር ከቁርጥራጭ ሐር የሰፋችው የአልጋ ልብስ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። ቁርጥራጩ ላይ ስምና ነገር በክር ተጽፎበታል። ሰይድ እዚያ ቆሞ ቀረ። እናቱ ከተራረፈ ጨርቅ ብርድ ልብስ ይሰፉ እንደ ነበር የነገረኝ የዚያን ለት ነው፤ ጋሼ ሁሴንም ከኋላችን ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን አየን። ግንቡ ሙሉ በሙሉ የባሕር ድንጋይ ነው። ሰዎች ጠልቀው ከባሕሩ ወለል ላይ እየቆረጡ ያወጡት ነው። ጋሼ ሁሴን የወሎ ሰው አይደሉ? ላሊበላን ካላነሡ አይሆንላቸውም። «የእኛዎቹ ከተራራ ቆረጡ፣ እነዚህ ከባሕር። ልፋቱ አንድ ነው» አሉ። ሰይድ «ባሕሩ ይከብዳል» ሊል አፉን ከፈተና ትዝ ሲለው ዘጋው። ክርክር ለሚወድ ሰው ኩርፊያ ከባድ ጾም ነው፤ አሳዘነኝ።

ሐሙስ

በትንሽ አውሮፕላን ወደ ትልቁ ደሴት ተሻገርን። መኪናውን ያዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ባለሁበት ሌላ ሰው አይነዳም። ከኤርፖርቱ ጀምሮ ግራና ቀኙ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። በመተሐራ በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ያንኑ ድንጋይ ውሰዱና ሰማያዊ ባሕር አጠገብ አስቀምጡት። መንገዱ ግን እንደ ብርሌ የጠራ ነው፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ጉድጓድ እዚያ የለም።

ወደ ሰሜን ነድተን አንድ ንጉሥ ያሠራውን ታላቅ የድንጋይ መቅደስ አየን። ኮረብታ ላይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የቆመ ነው። ድንጋዩን ከሩቅ ሸለቆ ድረስ ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ እንዳመጡት ሰሚራ ነገረችን። «ደቦ ነዋ!» አሉ ጋሼ ሁሴን። «በደቦ የተሠራ ነገር አይፈርስም።» ሰሚራ ትንሽ ፈገግ ብላ «ይፈርሳል አንክል፣ ለዚያ ነው እኔ የምቀጠረው» አለች።

ስንመለስ ቤንዚን ልንቀዳ ቆምን። ሰሚራ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ እኔ ቤንዚን እቀዳለሁ። ጋሼ ሁሴን ርቧቸው ኖሮ ከሱቁ በጥቁር ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ነገር ገዝተው ወጡ፤ ከሩዙ ላይ ሮዝ የሆነ ሥጋ ተጋድሟል። «ዓሣ መሰለኝ» ብለው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ሰይድ ከመኪናው ዘሎ ወጣ።

«አሳማ ነው! ጣለው! አሳማ ነው!»

ጋሼ ሁሴን ጣሉት። ከዚያ ግን ያዩት አሳማውን አይደለም። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞሩ።

«ራህመት፣ ሰማሽ? አናገረኝ!»

«አላናገርኩትም» አለ ሰይድ፣ ፊቱ ቀልቶ። «አሳማ መሆኑን ነው የተናገርኩት።»

እኔ የቤንዚኑን ጎማ ይዤ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሰሚራ መጥታ ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

ያን ቀን ያረፍነው አንቲ ማሊያ የሚባሉ የሰሚራ ወዳጅ ቤት ነው፤ ቤታቸው ተራራው ወገብ ላይ፣ ማንጎና ሙዝ መሐል ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን፤ ሳይነግሩን ማውለቃችንን አይተው ወደዱን። አሳማ እንደማንበላ ሰሚራ አስቀድማ ነግራቸው ኖሮ ድስቱን ሁሉ አዲስ ገዝተው ነበር። አስቡት፣ አይተውን ለማያውቁ ሰዎች! የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡ፤ መሐል ላይ ከተወቀጠ ጎደሬ የተሠራ ሐምራዊ ገንፎ በአንድ ትልቅ የእንጨት ሳህን አስቀመጡ። በጣት ነው የሚበላው። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ሲያድር ደግሞ የበለጠ ይኮመጥጣል አሉ። እርሾ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም።

አንቲ ማሊያ ወንድማማቾቹን አየት አየት አደረጉና ሳህኑ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ተናገሩ፤ ሰሚራ ተረጎመችው። «ይሄ ሳህን ከተከፈተ ጠብ ክልክል ነው። ጎደሬ የሁላችን ታላቅ ወንድም ነው፣ እሱ ባለበት አይጣሉም።»

ሰይድ ልጁን ገላመጣት። «ይሄንን አንቺ ነሽ ያስባልሻት።»

«ባባ፣ ወላሂ አይደለሁም! ሪል ነው፣ ባህላቸው ነው!»

ሁለቱም ከአንዱ ሳህን በሉ። አልተነጋገሩም። ሰይድ ግን ጋሼ ሁሴን የማይደርሱበትን ዓሣ በእጁ ገፋ አደረገላቸው፣ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ዓርብ

ሰሚራ ይህን ቦታ ለመጨረሻ ያስቀረችው አውቃ ነው። ስሙ ሆናውናው ይባላል። ባሕሩ ዳር ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ ወፍራም የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ ወዲያ መማጸኛው ነው። መኪና ውስጥ ሕጉን ነገረችን።

«አንድም ድንጋይ አይነሣም። ካብ ላይ አይቀመጡም። አንክል፣ ፕሊዝ፣ ይሄ ጆቤ ነው፣ ሁሉም ያውቁኛል፤ እንዳታሳፍረኝ።»

«እኔ? እኔ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

ዘንባባዎቹ ሥር ቆመን ታሪኩን ነገረችን። በድሮ ጊዜ ሕግ የጣሰ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር። የንጉሥ ጥላ የረገጠ፣ ሙዝ የበላች ሴት፣ ሁሉም። ነገር ግን አሳዳጆቹን አምልጦ፣ ያንን ባሕረ ሰላጤ ዋኝቶ እዚህ ግንብ ውስጥ ከገባ ማንም አይነካውም። የቦታው ካህን ይቅርታ ያደርግለታል፣ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛም አገር ሰው ደብር ገብቶ፣ ወይም የሼኽ ድሪህ ይዞ ይማጸን የለ? ያው ነው።

ጋሼ ሁሴን ውሃውን ብዙ አዩት። «መዋኘት የማይችልስ?» አሉ።

ሰሚራ ሳቀች። «አይ ዶንት ኖ፣ አንክል። እሱን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

አንድ ጎብኚ አራታችንን ፎቶ አነሣን፤ ወንድማማቾቹ ጫፍና ጫፍ ቆመው። ከዚያ ሰሚራ የሥራ ባልደረቦቿን ሰላም ልትል ሄደች። እኔ አሸዋው ላይ ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ ኤሊ እያየሁ ነበር። ዞር ስል ጋሼ ሁሴን ጥቁር ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ ተሸክመው ሰይድ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

«ሰይዶ» አሉ፣ «ዋና አልችልም። ድንጋይ መሸከም ግን እችላለሁ። አፉ በለኝ።»

ሰይድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከወዲያ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ እየጮኹ ይመጣሉ፤ ከወዲህ ሰሚራ ትሮጣለች፣ «አንክል! ኖ! ኖ! ድንጋዩን!» ትላለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ድንጋይ እንዳይነሣ ደመወዝ የሚከፈላት የልጄ አጎት ድንጋይ ተሸክመው ተያዙ።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን ያስቀምጡ» አሉ ጠባቂው።

«እሱ ካላነሣልኝ አላወርድም» አሉ ጋሼ ሁሴን፣ እንዳጎነበሱ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ወግ ድንጋይ የተሸከመ በዳይ ራሱ አያወርድም፤ ተበዳዩ ነው የሚያነሣለት። ሰሚራ በተቆራረጠ ትንፋሽ ለጠባቂው አስረዳች። መርዶውን፣ ሥጋ ቤቱን፣ አራቱን ዓመት፣ የራሷን ኒካህ ሳይቀር ነገረቻቸው። ሰውየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ሰይድ ዞረው ተናገሩ፣ ልጄም ተረጎመች።

«እንግዲህ ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለስ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው።»

ሰይድ ተጠጋ። ድንጋዩን ነካ አደረገው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ቀዳዳ የሞላው።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «ለአራት ዓመት ይሄ ይበቃል?»

«ትልቁን እንዳላነሣ ወገቤን አውቀዋለሁ» አሉ ታላቁ ከሥር።

ሰይድ ሊስቅ ሲል አለቀሰ። ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣው። «አፉ ብዬሃለሁ፣ ወንድምዬ። ቀና በል።» ተቃቀፉ፤ ድንጋዩ መሐላቸው ነበር። እኔም እልል አልኩ፤ ከዚያ ቦታው የተከበረ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ፤ ጠባቂው ግን «ይቀጥሉ» ብለው ምልክት ሰጡኝ።

ከዚያ ሥራ መጣ። ድንጋዩ የት ነበር? ጋሼ ሁሴን «እዚህ» ሲሉ ሰይድ «የለም፣ ወዲህ ነው፣ አንተ መቼ አስተዋልክ» ይላል። ገና መታረቃቸው እኮ ነው! ሰሚራ ቅድም የተነሣነውን ፎቶ አወጣች። ድንጋዩ ከጋሼ ሁሴን እግር አጠገብ፣ ቀዳዳው ወደ ባሕሩ ዞሮ ይታያል። ልክ እንደነበረው አስቀመጡት፤ ጠባቂው ጎንበስ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሰሚራም «አባትሽንና አጎትሽን ቀጥሪያቸው» አሏት።

ምሳ መብላት ወደሚፈቀድበት ዳርቻ ወርደን አንቲ ማሊያ የቋጠሩልንን ፈታን። ሙዝ ነበረበት፤ በድሮው ሕግ ይገደሉ ለነበሩት ሴቶች ስል ሁለት በላሁ። ባሕሩ ጥቁሩን ድንጋይ እየመታ ነጭ አረፋ ይረጫል፤ ልጆች ይንጫጫሉ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰይድ ግን አልበላም።

«በል ንገረኝ» አለ።

«ምን ልንገርህ?» አሉ ጋሼ ሁሴን።

«ያልነገርከኝን።»

«ታውቀው የለ።»

«ከሥጋ ቤት ወረፋ ነው የሰማሁት። ከአንተ አልሰማሁም።»

ጋሼ ሁሴን ተነሡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ሰይዶ» አሉ፣ «እናታችን ሞታለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ሰይድ ያን ደቂቃ እንደ ሰማ ሰው አለቀሰ። እኛም አለቀስን። አስከሬናቸውን ማን እንዳጠበ ጠየቀ፣ የት እንዳረፉ ጠየቀ፣ ዝናብ ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ሁሴን አንድ በአንድ መለሱለት።

«እኔን አልጠየቀችም?»

«በየቀኑ ነው እንጂ! መታመምህን ለሷም አልነገርኳትም። ‹ለምን አይደውልም?› ስትለኝ ‹ሥራ በዝቶበት ነው› አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹እሰይ፣ ሥራ ይብዛለት› አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልህ።»

ሰይድ መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ኃላፊ ነው፤ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ አለቆቹ በትርፍ ሰዓት ሥራ ዕረፍት ነፍገውታል። እንባውን እያበሰ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ለካ እሷ ናት» አለ፣ «ኦቨርታይሙን ያበዛችብኝ!»

አራታችንም እንባችን ሳይደርቅ እስኪያመን ሳቅን። ሰይድ ትንፋሹ ሲመለስለት ወደ ልጁ ዞረ።

«ለልጁ ደውይለት። ሽማግሌዎቹን ይላክ በይው።»

ሰሚራ ስልኩን አወጣች። «ወደ ቤታችን ይምጡ ልበለው፣ ባባ? ሲልቨር ስፕሪንግ?»

«ወደ አሌክሳንድሪያ ነዋ!» አለ ሰይድ። «ታላቅ እያለኝ እኔ ቤት ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?»